ከዱባይ ሙምባይ በከባድ መኪና ሂሳብ

ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ አልጋ ማውጣት ነበር። እኛ ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር የምንኖር ሰዎች ሙቀቱ ሲብስ ጣራ ላይ ነው የምንተኛው። ስለዚህ በየዓመቱ የብረት አልጋችንን በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይ እናወጣለን። እኔ ከላይ ሆኜ እጎትታለሁ፤ እሱ ከታች ሆኖ ይገፋል፣ ደግሞም ያዛል።

"ወደ ግራ ቁረጪ። ትንሽ ወደ ኋላ። ቀኝሽን ጠብቂ፣ ግድግዳ አለ። ነይ፣ ነይ፣ ነይ… በቃ፣ ቁሚ።"

ጎረቤታችን ሮዳ ከግቢው ሆና ታየን ነበር። "ኮንቴይነር ነው እንዴ የምትጭኑት?" አለች።

"ባዶ ነው፣ ቀረጥ የለውም" አላት።

አልጋው ወጣ። ሻይ ጠጣን። ሳምንት ሳይሞላው ጌታሁን በእንቅልፉ እንዳለ አረፈ።

የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ ከጠየቁኝ ቆይተዋል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ስለ ትኬት፣ ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት ብቻ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ግን የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ለማስታወስ ስሞክር ጌታሁን እዚያው ማራገቢያው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ስለዚህ አብሮ ይግባ።

ሥራ የጀመርኩት በእኛ አቆጣጠር በ1991 ነው። ድሬዳዋ በተማርኩት ፈረንሳይኛ ተማምኜ ጅቡቲ ወረድኩና ከገበያው ብዙ በማይርቅ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀጠርኩ። ባለቤቷ ማዳም ሰፊያ ትባላለች፤ አያቶቿ ከየመን የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ከእኔ ጋር በፈረንሳይኛ፣ በስልክ በአረብኛ፣ ከዘበኛው ጋር በሶማሊኛ ታወራለች። አማርኛ የምትናገረው ስትቆጣ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ በአማርኛ ተነጋገርን።

ያኔ ኮምፒውተር አልነበረንም። ጠረጴዛዬ ላይ ስልክ፣ ማህተም፣ ጀርባው ቀይ ካርቦን የተቀባ የትኬት ጥራዝና እንደ ጡብ የወፈረ የበረራ ሰዓት መጽሐፍ ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ ከተሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። የሚነሳበትን ከተማ ትፈልጊያለሽ፣ ከሥሩ የሚደርስበትን፣ ከዚያ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ታነቢያለሽ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሃጂ ዩሱፍ ነበሩ፤ የሐረር ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ። አብሯቸው አንድ ረጅም ሰው ገብቶ ማራገቢያው ሥር ቆመ። የሃጂን ዕቃ ከወደብ ጭኖ ወደ አገር ቤት የሚያወጣው ሹፌር እሱ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ትኬት ሊገዛ አልመጣም። ነፋስ ሊቀበል ነው የገባው።

"ከዱባይ ቦምባይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አሉኝ ሃጂ፤ ሙምባይን በድሮ ስሟ ነበር የሚጠሯት።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ከዱባይ በአሥር ይነሳል፣ ሙምባይ በአሥራ አራት ተኩል ይገባል። ቀነስኩ። መመለሻውንም እንዲሁ ቀነስኩ።

"ሲሄዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው" አልኳቸው፤ "ሲመለሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይሞላም።"

ሃጂ መነጽራቸውን አወለቁ። "በዚያው መንገድ?"

"በዚያው መንገድ።"

ማራገቢያው ሥር የቆመው ሰው "ልክ ነች፣ ሃጂ" አለ። "ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይዘገያል። ባዶውን ቁልቁል ሲመለስ ይበራል። እኔስ አዲስ አበባ ስወጣና ስወርድ እኩል ነው?"

"አንተ ባዶህን ነው የምትመለሰው" አሉ ሃጂ። "ነጋዴ የሚጭነው ሲመለስ ነው። እንዳንተ ከሆነ የሚረዝመው መመለሻው ነበር።"

"እንግዲያው ቦምባይ ከዱባይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሆናል።"

"ቦምባይ ባሕር ዳር ነው፣ አንተ ሰው።"

"ዱባይስ?"

"እሱም ባሕር ዳር ነው።"

ሹፌሩ ትንሽ አሰበና "መሀል ላይ ተራራ ይኖራል" አለ።

ያን ጊዜ ማዳም ሰፊያ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። "ባሕር ላይ ተራራ የት አያችሁ? መሥሪያ ቤቴን የሹፌር መናኸሪያ አደረጋችሁት እኮ" አለች፤ በአማርኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አስቴር፣ እዚህ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ሰዓት የመንገደኛው አይደለም። የከተማው ነው። የዱባዩ የዱባይ ነው፣ የሙምባዩ የሙምባይ ነው። ህንድ ከዱባይ አንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ስትሄጂ እሱን ትቀንሻለሽ፣ ስትመለሺ ትደምሪያለሽ።"

ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሲመለሱ ትንሽ በለጥ ያለ ሆነ።

"አንዱስ ይሁን" አሉ ሃጂ፤ "ግማሿ ምንድን ናት?"

"ህንድን ጠይቁ" አለች ማዳም።

"መመለሻው ለምን በለጠ ታዲያ?"

"ነፋሱ ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ከፊት ይይዛል።"

ሃጂ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "አላልኩህም? መመለሻው ነው የሚረዝመው።"

"እርስዎ ያሉት በጭነት ነው፤ ይሄ በነፋስ ነው" አለ ሹፌሩ። በዚህ ነገር ሁለቱ ለብዙ ዓመት አልተስማሙም።

ጌታሁን ከአዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ወደ ቢሮው ብቅ ማለት ጀመረ። ገንዘብ አያወጣም፣ ትኬት አይቆርጥም። ርቀት ብቻ ይጠይቃል።

"ከባንኮክ ሆንግ ኮንግ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?"

የርቀት ሰንጠረዡን አይቼ እነግረዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ያሰላል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእሱ ሜትር ይህ መንገድ ነበር። "ደርሶ መልስ አይሞላም" ይላል። "ስመለስ ለጅቡቲ ትንሽ ሲቀረኝ ዲኪል ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ እዚያ ቀረሁ እንበል።"

ሌላ ጊዜ ከዴሊ ሲንጋፖር ጠየቀኝና "ይሄ ከሁለት ደርሶ መልስ ያልፋል፤ ዘይት መቀየር አለበት" አለኝ። የእስያን ከተሞች በእሱ ጎማ ተማርኳቸው። ዛሬም ካርታ ሳይ የሚታየኝ የድንበሩ ጉምሩክ ገላፊና አዋሽ ነው።

ማዳም ሰፊያ "ይህ ሰው ትኬት የማይገዛ ብቸኛ ቋሚ ደንበኛችን ነው" ትል ነበር። ይህን ሳትቆጣ፣ በፈረንሳይኛ ነው የምትለው።

አንድ ቀን መጣና "ከካርቲየ 2 ካርቲየ 7 ቢስ ስንት ነው?" አለኝ። እኔ ካርቲየ 2 ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር የምኖረው፤ እሱ 7 ቢስ ቤት ተከራይቷል።

"ሰንጠረዡ ላይ የለም" አልኩት። "በእግር ይደረሳል።"

"ታዲያ ምን እንጠብቃለን?"

ተጋባን።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃው ሥዕል ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ። ወይዘሮ ኬሪያ የምትባል ሽቶ የምትነግድ የድሬዳዋ ሴት ነበረች። ትኬቷ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተጽፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻንጣዋን ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። አውሮፕላኑ ከሄደ ግማሽ ቀን አልፎታል። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች፤ ከተማው ሁሉ ጫት ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት።

"ዘጠኝ ሰዓት አላልሽኝም?"

"የጧቱ ነው፣ እት ኬሪያ።"

"ጧት ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር አለ? እሱ ሦስት ሰዓት ነው።"

"በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው።"

"እኔ ፈረንጅ እመስልሻለሁ?"

ማዳም ሰፊያ ጉንጯ በጫት እንዳበጠ ከውስጥ ተጣራች፦ "በዚህ አገር ሰዓቱን ሰው የማይስተው የጫት አውሮፕላን ብቻ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኬቱ ፖስታ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከጎኑ የቀን ከሆነ ፀሐይ፣ የሌሊት ከሆነ ጨረቃ እስላለሁ። ማዳም መጀመሪያ ስታየው "ይህ ትኬት ነው ወይስ የመዋዕለ ሕፃናት ደብተር?" አለችኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የፈረንሳይ ወታደር ፖስታውን አገላብጦ አይቶ "የኔስ ጨረቃ የታለች?" ብሎ ጠየቀ። የሌሊት በረራ ነበር። ሳልኩለት። 

ኮምፒውተር መጣ፣ የትኬት ጥራዙ ቀረ። እኔም የባንኮኒ ኃላፊ ሆንኩ። ወደ ሙምባይ የሚሄዱት ሰዎች ግን እየተለወጡ መጡ። ድሮ ጨርቅ ፍለጋ ነበር የሚሄዱት፤ አሁን ሐኪም ፍለጋ የሚሄደው በዛ። የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ፊቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቃል።

ከዚያ ጌታሁን ጋቢና ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። መጀመሪያ "መወጣጫው ከፍ ብሏል" አለ። ቀጥሎ ከቤት ገበያ ሲሄድ ሁለት ቦታ ማረፍ ጀመረ። ሐኪሙ የልቡ አንዱ በር በደንብ እንደማይዘጋ፣ ቀዶ ጥገናው እዚህ እንደማይሠራ፣ ሙምባይ ሄዶ ቶሎ መቀየር እንዳለበት ነገረን። ካልተቀየረስ ብዬ ጠየቅሁት። ቀጠሮ እንደሚሰጥ ሰው ረጋ ብሎ "ዓመቱን አይጨርስም" አለኝ።

ለስንቱ ሰው ትኬት ቆርጫለሁ። የራሴ ባል ግን አልሳፈርም አለ።

ይህን ለመረዳት ጌታሁን በሰው መሪ ተረጋግቶ ሄዶ እንደማያውቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወደ አገር ቤት ስንሄድ የሹፌሩን አነዳድ ስላልወደደው ዲኪል ላይ ወርዶ የጓደኛውን መኪና ጠብቋል፤ እኔ ቀድሜው ደረስኩ።

"ማን ነው የሚነዳው?" አለኝ።

"ካፒቴኑ። ሁለት ናቸው።"

"ሁለት ከሆኑ አንዱ ይተኛል። ሁለት ሹፌር አውቃለሁ እኔ።"

"ሌላውስ ነቅቶ የለ?"

"የት ይቆማል?"

"አይቆምም።"

"ጎማ ሳይታይ?"

ሃጂ ዩሱፍ አርጅተው በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ሊመክሩት ቤት ድረስ መጡ። "ስንት ዓመት ስመላለስ ኖርኩ፤ ሞትኩ?"

"እርስዎ ሲፈጠሩም ተሳፋሪ ነዎት፣ ሃጂ።"

"አንተ ደግሞ መሪ ይዘህ ትቀበራለህ። ያውም በቅርቡ።"

ሃጂ ይህን ብለው አለቀሱ። ጌታሁን ሃጂ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም። በማግስቱ "ቁረጪው" አለኝ።

ስንሄድ ሹፌሮቹ በሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙን። በጓደኞቹ ፊት ወደ ኋላ የሚመለስ ሹፌር የለምና ራሱን ቀና አድርጎ ገባ።  ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ፣ ፍሬን እንደረገጠ ዱባይ ደረሰ።

ዱባይ ላይ ግን የሚያየው ጓደኛ አልነበረም። ለሙምባዩ በረራ መሳፈሪያው በር አጠገብ ተቀመጥን። ጥሪው ተጠራ። ሰዉ ተሰለፈ። ጌታሁን አልተነሳም።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ዶክተሩን ሰላም በይልኝ።"

"ጌታሁን።"

"እዚህ እጠብቅሻለሁ። ማራገቢያው ጥሩ ነው።"

ሰልፉ እያጠረ ሄደ። ለፈሩ መንገደኞች የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ አውሮፕላን እንደ መኪና አይገለበጥም፣ ካፒቴኖቹ ብዙ ዓመት ይማራሉ የሚል። ለእሱ ይህን ማለት ስድብ ነበር። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። ከንፈሩ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም የነካው ይመስላል።

"ከዚህ ሙምባይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

 ጆሮው ወደ እኔ ዞረ።

"አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ፤ ትንሽ ያልፋል።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ደርሶ መልስ ነው" አለ።

"ደርሶ መልስ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወጥተህ ትመለሳለህ። ከዚያ በላይ የለውም።"

"በሦስት ሰዓት?"

"በሦስት ሰዓት።"

"ዲኪልስ?"

"አሥር ደቂቃ አለፍ ሲል።"

"ገላፊ?"

"ሃያ ደቂቃ ገደማ።"

"ጉምሩኩስ?"

"የለም።"

"ወረፋ?"

"የለም።"

"ፈታሽ የለም? ኮንቴይነሩን ክፈት የሚል የለም?"

"ማንም የለም።"

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ወደ እኛ ታይ ነበር። የቀረነው እኛ ብቻ ነን። ጌታሁን ጫማውን አየ፣ በሩን አየ።

"ጉምሩክ የሌለበት ገላፊ ማየት እፈልጋለሁ" አለና ተነሳ።

የመስኮቱን ወንበር ሰጠሁት። አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ያዘ። ከዚያ ሰዓቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መንገዱን መጥራት ጀመረ።

"ፔካ ዱዝን አለፍን" አለ። ፔካ ዱዝ ከጅቡቲ መውጫ ላይ ከባድ መኪኖች የሚሰለፉበት ቦታ ነው። "ዲኪል።" ሻይ አልመጣም። "ዲኪል ዛሬ ዘግተዋል።" ሻዩ ገላፊ ላይ መጣ። "ገላፊ ሻይ አለ፣ ጉምሩክ የለም። ይህን ለሹፌሮቹ ብነግር ማን ያምነኛል?"

ሚሌ ላይ አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ "ይሄ ልክ ነው፤ እዚህ ጋ መንገዱ ተበልቷል" አለ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ የህንድ ሽማግሌ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ በቆየን ቁጥር ጎንበስ ብለው የት እንደደረስን ይጠይቁኝ ጀመር።

አዋሽን፣ አዳማን አለፍን። ቃሊቲ ስንደርስ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

"አራገፍን" አለ። "ከዚህ በኋላ ባዶ ነን። ቁልቁለት ነው።"

እግሩን አየሁት። ፍሬኑን ለቋል። ወደ ሚሌ ስንወርድ ራሱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሌላ ሰው በሚነዳው ነገር ላይ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ሙምባይ ስናርፍ ሽማግሌው ቀስ ብለው "ጅቡቲ?" አሉኝ። "አዎ፣ ደረስን" አልኳቸው።

የልቡ በር በብረት ተቀየረ። ሲመለስ በረራው ረዘመ። "ነፋሱ ነው" አልኩት። "ብረት ጭነን ነዋ የምንመለሰው" አለኝ፤ ሃጂም ይህን ሲሰሙ በመጨረሻ አሸነፍኩ ብለው ደስ አላቸው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብረቱ ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። እንግዳ ሰው ሰዓት ፈልጎ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ጌታሁን "ሞተሩ ነው፤ ዘይት ቀንሶ ነው" ይለዋል።

ከባድ መኪና መንዳት ተከለከለ። ፔካ ዱዝ ላይ መኪኖቹን ተራ የሚያስይዝ ሆነና በሌሎች ሹፌሮች አነዳድ ሲያማርር ኖረ። ዓመቱን አይጨርስም የተባለ ሰው ብዙ ዓመት ጨረሰ። ማዳም ሰፊያና ሃጂ ቀደሙት፤ ሁለቱንም እሱ ቀበረ።

ዛሬ መንገደኛው የበረራ ሰዓቱን በስልኩ ያያል። ከዱባይ ሙምባይ ብሎ ሲጽፍ ሦስት ሰዓት ብሎ ይመልስለታል፤ መልሱም ትክክል ነው። ከሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ለሚፈራ ሰው ሰዓቱን መንገር አይበቃም፤ ርቀቱን እሱ በሚያውቀው መንገድ ለክቶ መንገር ያስፈልጋል። ለነጋዴ በገበያው፣ ለዓሣ አጥማጅ በባሕሩ።

አሁን በሳምንት ሦስት ጧት ቢሮ እገባለሁ። የሐኪም ወረቀት ይዘው የሚመጡትን ብቻ እኔ አስተናግዳለሁ። መጀመሪያ ወንበር እሰጣቸዋለሁ። ቀጥዬ ከማን ጋር እንደሚሄዱ እጠይቃለሁ። ሁለት ከሆኑ ጎን ለጎን የሆኑ ወንበሮች እይዝላቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን ከሌለ ሌላ ቀን እፈልጋለሁ።